የገስግስን ጆሮ ማስተማር

ዘንድሮ ጋሪዬን አቁሜያለሁ። ያስቆመኝ ጉልበቴ ነው እንጂ መንገዱስ አልሰለቸኝም። ልጄ «አርፈሽ ተቀመጪ» ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላለሁ። ግን ጠዋት የእንጅባራ ጭጋግ ከቀርከሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሣ ሳይ እግሬ ራሱ ወደ መናኸሪያው ይዞኝ ይሄዳል። ሚኒባስ እሳፈርና ዳንግላ እወርዳለሁ፤ ገበያውን ዞር ዞር ብዬ አይና ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። በቀደም ረዳቱ፣

«እማማ፣ ምን ሊገዙ ሄደው ነው?» አለኝ።

«ምንም። አገር ልይ ብዬ ነው።»

«ኧረ እማማ! በዚህ ኑሮ ለማየት ይከፈላል?»

«አንተ በነፃ እየተመላለስህ አንድ ቀን ቀና ብለህ አይተኸው ታውቃለህ?» ስለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀበት።

እውነቴን ነው። ሚኒባስ ፈጣን ነው፤ ግን አገሩን እንደ አበዳሪው ሸሽቶ ነው የሚያልፈው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በአጭር መንገድ ነው። ዳንግላ ዙሪያ፣ አዘና ገበያ፣ ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ፣ ከእንጅባራ ወደ ጥርባ፤ ዓለሜ ይኸው ነው። ጠዋት ወጥተው ለምሳ የሚደርሱበት መንገድ ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው ወሬው ስለ ድካሙ ነው፤ አጭር መንገድ የሄደ ሰው ግን ያየውን ያወራል።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ወሬዬ ነው፤ ቢጠማዘዝ አትፍረዱብኝ፤ የጥርባም መንገድ ይጠማዘዛል።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ ነው። ባሌ የሰው ጋሪ ይነዳ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደና በዚያው ቀረ። የጋሪው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ከገበያ ማዶ የሚሰማ ሴትዮ ነበሩ። ፈረሱን ሊወስዱ አንድ ጎልማሳ አስከትለው መጡ። ፈረሱን የማጥበውም፣ ኮቴውን የምጠርግለትም፣ ፉርሽካ የማቀርብለትም እኔ ነበርሁና ልጓሙን ሰውዬው ሲይዘው አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስም አለ። ሰውዬው ጎተተ፣ ገፋ፣ ተሳደበ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲያዩ ቆዩና፣

«ስንዱ፣ እስቲ አንቺ ያዥው» አሉኝ።

ያዝሁት። ተከተለኝ።

«እንግዲያማ አንቺው ንጂው።»

«እሜቴ፣ ሴት ጋሪ ስትነዳ የት ታይቶ?»

«ሴት ጋሪ ሲኖራትስ የት ታይቶ ነበር? እኔን አታዪኝም?»

በዚያው ጀመርሁ። የቀን ገቢውን አስገብቼ የተረፈው የኔ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ይተርፋል፣ አንዳንድ ቀን የሚጠግበው ፈረሱ ብቻ ነው። ስለ ገንዘብና ስለ ማዘጋጃ ቤት ወረቀት ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ማንም የሚያውቀው ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ካሴ ናቸው። የዳንግላ ባለ ጋሪዎች ሁሉ ታላቅ፣ በእንጅባራ ዙሪያ ገጠር የተወለዱ አገው። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከፈረስ ጋር በአገውኛ ነበር የሚነጋገሩት። «ምነው አያ፣ አማርኛ አይገባውም?» ስላቸው «ይገባዋል፤ ግን አማርኛ የሰማው ከስድብ ጋር ነው» አሉኝ። እኔም ከፈረስ ጋር በአገውኛ መነጋገር ያዝሁ። ዛሬም ድረስ አገውኛዬ ከሰው ይልቅ ለፈረስ ይቀናል፤ ገበያ ላይ ያገር ሰው ሳናግር «ቁም» እና «ቀስ በል» ይበዛበታል ብለው ይስቁብኛል።

አያ ካሴ ጠዋት ጋሪያቸው ላይ አይወጡም። ፈረሱን ጠምደው አጠገቡ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ጀርባው እስኪሞቅ። ሰው ከመሳፈሩ በፊት የእግር መርገጫውን እሳቸው ቀድመው ይረግጡታል። ጎማውን በእጃቸው አንሥተው ያሽከረክሩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ኩሽኔታው ሊበላሽ ሲል እንደ ጫጩት ይጮኻል። አለንጋ ይይዛሉ፤ ግን ጫፉ እጀታው ላይ ታስሮ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ባርኔጣው ሲወልቅ የያዙት ዛብ ይላላልና ፈረሳቸው ከጊዜ በኋላ ደጀ ሰላም ባየ ቁጥር ራሱ ቀስ የሚል ሆነ። አንድ ቀን የቸኮለ ነጋዴ «ንዳው እንጂ!» ብሎ ቢጮህባቸው «እሱ ሲሳለም እኔ እንዴት ልከልክለው?» አሉት።

ከሁሉ በላይ ግን ያስተማሩኝ ጆሮ ማስተማርን ነው። አዲስ ፈረስ ሲገዛ ቶሎ ጋሪ አይጠመድም። ባዶውን በእጅ እየተመራ ወፍጮ ቤት አጠገብ ይቆማል፤ የክብረ በዓል ከበሮ ይሰማል፤ የከባድ መኪና ጥሩምባ፣ የገበያ ጩኸት፣ የብረታ ብረት ቤት መዶሻ። «ፈረስ የሚጠፋው በጆሮው ነው» ይሉኝ ነበር። «ዓይኑን መሸፈን ትችያለሽ፤ ጆሮውን ግን በምን ትሸፍኝዋለሽ? ስለዚህ አስተምሪው። ያልሰማው ድምፅ ካለ ያልተገዛ ፈረስ ነው።»

ከዳንግላ ቀጥሎ አዘና ነው የሠራሁት፤ ድንችና ገብስ ከገበያ ማመላለስ። ስለ አዘና ክፉ አልናገርም፤ ሰዉ ደግ ነው፣ ጭቃው ግን ጎማ ይውጣል። ዕቃ ስጭን ነው ሰው መጫን ምን ያህል እንደምወድ የገባኝ። ድንች «ያ ተራራ ምን ይባላል?» አይልም።

በኋላ የራሴን ጋሪ ሳበጅ እንጅባራ ገባሁ። ባጃጁ የከተማውን ሰው ወስዶብናል፤ እኔ ግን አላለቀስሁም። ባጃጅ የሚሄደው መድረስ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ማየት ለሚፈልግ ሰው እኔ አለሁ አልሁ። ሙሽሮች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ዘመድ ሊጠይቁ ከባሕር ዳር የመጡ፣ እዚሁ ኖረው ሐይቁን በወጉ አይተውት የማያውቁ ሁሉ ይመጡ ጀመር።

የማሳየትም ሙያ አለው። የጋሪ ጥሩ ቦታ የኋላው ነው፤ ሰው ግን ፊት ካልተቀመጥሁ ይላል፤ ፊት የተቀመጠ የሚያየው የፈረሱን ቂጥ ነው። ኋላ የተቀመጠ አገሩ እየተከፈተ እየሰፋ ሲሄድለት ያያል። ማረፊያ ደግሞ ዳገቱ አናት ላይ እንጂ ቁልቁለቱ ሥር አይደለም፤ አናት ላይ ፈረሱም ይተነፍሳል፣ ሰውም ያያል። ዘንገና ሰው ስወስድ እስከ ውኃው አፋፍ አልነዳም። ዛፉ ሳይሳሳ አቆምና «ከዚህ በእግራችሁ» እላለሁ። ሐይቁ ክብ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ገበታ ነው፤ በእግሩ የሄደ ሰው ድንገት ነው የሚያገኘው። አፉን ይዞ የቀረውን ስንቱን አየሁ። አንዱ ሙሽራ ግን ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ኔትወርክ የለም!» ብሎ ሲዞር፣ ሙሽሪት «እኔ አለሁልህ አይደለም?» ብላ ስልኩን ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያ ትዳር ይጸናል ብዬ ነበር፤ ጸንቷል፤ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ነበር።

እንግዲህ ወደ ገስግስ ልምጣ።

ገስግስን የገዛሁት ከአዘና ገበያ ነው። ዳማ፣ ደረተ ሰፊ፣ አንገቱን የማይደፋ። ጥርሱን አየሁ፣ ኮቴውን አየሁ፣ ሳል እንደሌለበት ሰማሁ። በወጉ ጆሮውን አስተማርሁት። ወፍጮውን ለመደ፣ ባጃጁን ለመደ። ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በመንገዱ ሲያልፍ አስከትዬ ወሰድሁት፤ ቀብሩን ከዳር ቆመን አየን፤ ጥሩምባው ሲነፋ፣ ሴቶቹ ሲጮኹ፣ እሱ እንደ ድንጋይ ነው። «ለቅሶም አለፈ» አልሁ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት። የከተማ ለቅሶ የእግር ለቅሶ ነው። በእኛ አገር ገጠር ትልቅ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው በፈረስ ነው። ፈረሶቹ ተሸልመው፣ ፈረሰኞቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው፣ እየፎከሩ ይጋልባሉ። ገስግስ ይህን አላየም ብዬ ነበር። እሱ ግን ከእኔ በፊት ዕድሜውን ያሳለፈበት ኖሯል። ለሻጩ «ከማን እጅ ነው የኖረው?» ብዬ አልጠየቅሁትም።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ኑጉ አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ። እትዬ አትጠገብ ተሳፈሩ። እንጅባራ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ምላሳቸው ከሸቀጣቸው የሚያቃጥል ሴትዮ ናቸው። ከጥርባ ወዲያ ላለው ወንድማቸው አንድ ጆንያ የተፈጨ በርበሬ ሊያደርሱ ነው። ኋላ ተቀመጡ። «ምነው ዛሬስ አገሩ አማረበት፤ ወይስ አንቺ ነሽ ያሳመርሽው?» እያሉ መንገዱን ሁሉ ሲጫወቱ ሄዱ።

ጥርባን አልፈን አንድ ሜዳ ጋ ስንደርስ ከወዲያ በኩል ለቅሶ አለ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ፈረሰኞቹ ፎከሩ፤ የኮቴ ድምፅ መሬቱን መታው። የገስግስ ሁለቱም ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ዛቡን ስወጥር እጄ ላይ መንቀጥቀጡ ተሰማኝ። አንድ ጊዜ አሽካካና ተነሣ። እኔን አልሰማም፣ አገውኛውንም አልሰማም። ወደ ሰልፉ ቀጥ ብሎ ጋለበ። ጉብታ ላይ አንደኛው ጎማ ወጣ፣ ጋሪው ተገለበጠ። እኔ ሣር ላይ ወደቅሁ፤ እትዬ አትጠገብ ከጋሪው ጠርዝ ሥር ነበሩ። በርበሬው ፈንድቶ በነፋሱ ሜዳውን ሞላው። ለቀስተኛው ሁሉ ሳል በሳል ሆነ፤ ለሟቹ የሚያለቅሰውና በበርበሬው የሚያነባው ተቀላቀለ። ገስግስስ? የተሰበረውን ጋሪ ጎትቶ ሄዶ ከፈረሶቹ ሰልፍ ዳር ቦታውን ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ።

ልጓሙን የያዙት አንድ ሽበታም ፈረሰኛ ናቸው፤ የእትዬ አትጠገብ ወንድም አያ ውበቱ። እህታቸውን መሬት ላይ ወድቀው እያዩ እንኳ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህን ነው፦

«ይህን ፈረስ ከወዴት አገኘሽው?»

«ከአዘና ገበያ ነው ጌታዬ።»

«የለቅሶ ፈረስ ነው። ስንቱን ጀግና ሸኝቷል መሰለሽ። እሱ አላጠፋም፤ ሥራውን ነው የሠራ።»

«የፈረሱን ነገር ተወውና እግሬን እይልኝ፣ አንተ ሽማግሌ!» ሲሉ እትዬ አትጠገብ ጮኹ። እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሮ ነበር።

ወጌሻ እግራቸውን አሰረላቸው። እኔ ያለኝን ከፈልሁ፤ እሱ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ሽማግሌ ሲቀመጥ ነው። ያገሩ ባለ ጋሪዎችና የእትዬ አትጠገብ ዘመዶች አንድ ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። እትዬ አትጠገብን በቃሬዛ አምጥተዋቸዋል። አንዱ «ፈረሱ ይሸጥ» አለ። አንዱ «ድሮስ ጋሪ የሴት ነው?» አለ። አያ ካሴ ከዳንግላ በሚኒባስ መጥተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እሳቸውን ሳይ ልቤ ረጋ፤ ይናገሩልኛል ብዬ። ተነሡና እንዲህ አሉ፦

«ይቺ ልጅ መንዳት ታውቃለች። ጆሮ ማስተማሩን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ጣለችው። እንግዲህ ሰው አትጫን፤ ዕቃ ትጫን። እስከ መቼ ብትሉ፣ አትጠገብ ማንም ሳይለምናት፣ ማንም ሳይልክባት፣ በራሷ እግር እዚያው ጋሪ ላይ፣ በዚያው ፈረስ እስክትወጣ ድረስ።»

«እሷስ እስክትሞት ድንች ትጭናለች!» አሉ እትዬ አትጠገብ ከቃሬዛው ላይ። «እኔ ሬሳዬ እንኳ ጋሪ አይወጣም!»

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ፤ ፍርዱ ግን ጸና።

አያ ካሴን እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። «አያ፣ ይናገሩልኛል ብዬ ነበር» አልኋቸው።

«ተናግሬልሻለሁ እኮ። ፈረሱን ሊያሸጡሽ አልነበረም? አሁን ጊዜ አለሽ። ሂጂና የጎደለውን ሙዪ።»

ያን ጊዜ ተናድጄባቸው ነበር። ኋላ ግን አየሁት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምሕረት ይለምንልኝ ነበር። እሳቸው ሥራ ሰጡኝ።

ጋሪዬን አስጠግኜ ከሰል ጫንሁ። የእኛ አገር ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ ጆንያው እንደ ተራራ ይቆለላል። ገበያ ስገባ የማልፈው በእትዬ አትጠገብ ሱቅ በር ነው። ምርኩዛቸውን አስደግፈው ከበርበሬው ኋላ ይቀመጣሉ።

«ከሰል ጫኚዋ! ዛሬስ ፈረስሽ ማንን ሊቀብር ነው?»

«እንደምን አደሩ እትዬ?»

«አንድ እግሬ ደኅና ነው። ሌላውን አንቺው ጠይቂው።»

መለመን ተከልክያለሁ። ጎረቤት «እኔ ላናግራት» ሲለኝ «ኧረ ተወኝ፣ ፍርዱን ታፈርስብኛለህ» እላለሁ። ሙሽራ መጥቶ «ዘንገና ይውሰዱን» ሲለኝ ወደ ሌላ ባለ ጋሪ እልከዋለሁ፤ እሱም እስከ ውኃው አፋፍ ነድቶ ያወርዳቸዋል። ከዳገቱ አናት ሆኜ ሳየው እጄን ይበላኝ ነበር።

ግን ገጠር ፈረስ የሚወጣበት ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ጋሪውን ቤት ትቼ ገስግስን በእጄ እየመራሁ እሄድ ነበር። መጀመሪያ ጊዜ መሬት ለመሬት ጎትቶኛል። ሁለተኛም እንደዚያው። ጆሮውን በጨርቅ ብሸፍነው ባሰበት። ከፈረሰኞቹ መካከል አያ ውበቱ ሲያዩኝ ከረሙና ከፈረሳቸው ወርደው መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለቅሶ እንዲረሳ እያስለመድሁት ነው ጌታዬ።»

«አይረሳም። አንቺስ ሙያሽን ትረሻለሽ? አታፍኝው። ወደ ሰልፉ አስገቢውና በእርምጃ ይዙር። ክብሩን ስጪው፣ ፍጥነቱን ውሰጂበት።»

እንደሱ አደረግሁ። ከፈረሶቹ ኋላ ልጓሙን ይዤ ሜዳውን በእርምጃ አዞረዋለሁ። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግን ይዞራል። ቀጥሎ ባዶ ጋሪ ጠምጄ። ቀጥሎ ጋሪው ላይ ድንጋይ ጭኜ። ሰው «ይቺ ሴትዮ ድንጋይ ለቅሶ ታደርሳለች» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። አያ ውበቱ ግን አይስቁም፤ ፈረሳቸው ላይ ሆነው «አንገቱን ልቀቂለት፣ አሁን ያዥው» ይሉኛል። አንድ ቀን «አያ፣ እርስዎ ለምን አንድ ጊዜ ተሳፍረው አይሞክሩልኝም?» ብላቸው «ፈረሰኛ ጋሪ የሚወጣው ሲታመም ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አያ ውበቱ በክረምት ሞቱ። ሳይታመሙ ነው፣ እንደ ተመኙት።

ጠዋት ነው፤ ዝናቡ ገና መቆሙ ነው። የቤቴ በር ተንኳኳ። እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። መርዶውን ሰምቼ ነበርና ላቅፋቸው ስል በምርኩዛቸው አገዱኝ።

«ኋላ ታለቅሻለሽ። ጋሪሽን አውጪ።»

«እትዬ...»

«ባጃጁ ጭቃውን አይቶ አልገባም አለኝ። ሚኒባስ ከአስፋልቱ አይወርድም። በዚህ እግሬ ስደርስ ወንድሜ ተቀብሮ ነው የማገኘው።»

«የጎረቤቴ ባዝራ በጣም የተረጋጋች ናት፤ እሷን ልጥመድልዎት።»

«ባዝራ አልሁሽ? ገስግስን ነው ያልሁሽ።»

«ሜዳው ፈረሰኛ ይሞላል እኮ እትዬ።»

«አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ? እግሬን የሰበረው ማን ሆነና!»

ጠመድሁ። ኩሽኔታውን ሰማሁ፣ መርገጫውን ረገጥሁ። ላወጣቸው እጄን ስዘረጋ መቱኝ።

«እጅሽን ሰብስቢ! በራሷ እግር ነው የተባለው። ኋላ ፍርዱ ፈረሰ ይሉሻል።»

ጥርሳቸውን ነክሰው፣ የደኅናውን እግር አስቀድመው፣ የተሰበረውን በእጃቸው አንሥተው ወጡ። ኋላ ተቀመጡ። እኔ ከፈረሱ ጎን በእግሬ ሄድሁ። ጭጋጉ ከጥርባ ሐይቅ በኩል እየተንከባለለ ይመጣና ያልፈናል፤ ገብሱ በውኃ ከብዶ ተኝቷል፤ ባሕር ዛፉ ይንጠባጠባል። እኔ የማየው ግን ሁለቱን የገስግስ ጆሮዎች ብቻ ነበር። ድንጋይ ጭኜ አይቼዋለሁ፤ ሰው ጭኜ አላየሁትም። ድንጋይ ቢወድቅ አይሰበርም።

ጥሩምባው ገና ከሩቅ ሲሰማ ጆሮዎቹ ቆሙ። ቆዳው ተርገበገበ። አቆምሁት።

«ከዚህ ላውርድዎትና ሰው ደግፎ ያድርስዎት እትዬ?»

ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ግቢ» አሉኝ።

ገባሁ። ልጓሙን ከአገጩ ሥር ይዤ፣ አያ ካሴ ያስተማሩኝን አገውኛ በጆሮው እያንሾካሾክሁ። ፈረሰኞቹ ጋለቡና በአጠገባችን አለፉ፤ የኮቴው ጭቃ ፊቴን መታኝ። ገስግስ አንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ላይ ወረወረ፤ ትከሻዬ የተነቀለ መሰለኝ። አንገቱን ለቀቅሁለት። ከዚያ ያዝሁት። አሽካካ። መላ አካሉ እየነዘረው፣ እግሩን አንድ በአንድ እያነሣ፣ በእርምጃ ሄደ።

ፈረሰኞቹ አዩን። ከፊት የነበረው እጁን አነሣና መጋለባቸውን ገቱ። የአያ ውበቱ ፈረስ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ በእጅ እየተመራ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ቦታ ከፈቱልን። ገስግስ ያን ቦታ ይዞ ሜዳውን ዞረ። እትዬ አትጠገብ ከጋሪው ላይ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ሙሾ አወረዱ፦

ፈረሰኛው ወንድሜ፣ ጋሪ የምትንቀው፣
በጋሪ መጣሁልህ፣ ውረጂ በለኝ ምነው።

ያን ጊዜ እኔም አለቀስሁ።

ስንመለስ ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። ፀሐይዋ እርጥቡን አገር ሁሉ ታበራው ጀመር። ከጥርባ ወዲህ ያለው ዳገት አናት ላይ አቆምሁ፤ ፈረሱ ይተንፍስ ብዬ ነው። እትዬ አትጠገብ ኋላ ተቀምጠው ወንድማቸውን የተዉበትን አገር ሲያዩ ቆዩ። ከሙያው ውስጥ አንዱ ይህ ነው፤ ሰው ሲያይ አይወራም።

«ስንዱ፣ ያ ማዶ ጢስ የሚታየው የማን ቤት ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«የአያ ውበቱ ጎረቤቶች ቤት ነው እትዬ። ለለቀስተኛው ንፍሮ እየቀቀሉ ይሆናል።»

«ከዚህ ይታያል እንዴ!»

«ጭጋጉ ሲገፈፍ ይታያል።»

እንጅባራ ገባን። በራቸው ላይ ድንኳን ተጥሏል፤ ጎረቤቱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ባለ ጋሪዎቹም ሰምተው መጥተዋል፤ አንዱ «እሰይ ስንዱ!» አለኝ። ጋሪውን አስጠጋሁ። እትዬ አትጠገብ ምርኩዛቸውን አንሥተው ድንኳኑን አዩት፣ ሰዉን አዩት፣ ምርኩዛቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«አሁን ከወረድሁ የሚጠብቀኝ ፍራሽና ለቅሶ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እስከ ዳገቱ አንድ ጊዜ አዙሪኝ፤ ከዚያ እወርዳለሁ።»

ገስግስን አዞርሁት።